ከሀርጌሳ አፈር የወጣ ክር

በ2017 ሁለት አሮጌ ቅጂዎች በወራት ልዩነት እንደ አዲስ ታትመው ወጡ። (በዚህ ምዕራፍ ውስጥ ያለው ዘመን፣ ሌላ ካልተባለ በቀር፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።) የመጀመሪያው፣ ግሬትፉል ዴድ የተባለው የአሜሪካ የሮክ ባንድ ሜይ 8 ቀን 1977 ኢታካ በምትባል የኒውዮርክ ግዛት ከተማ፣ በኮርኔል ዩኒቨርሲቲ ባርተን አዳራሽ ያቀረበው ኮንሰርት ነው። ሁለተኛው “ስዊት አዝ ብሮክን ዴትስ” የተሰኘ የሶማሊ ዘፈኖች ስብስብ ሲሆን፣ መነሻው ሶማሊላንድ በምትገኘው ሀርጌሳ ውስጥ ያለ የካሴት ክምችት ነው። አንዱ የአሜሪካ ተማሪዎች የጨፈሩበት ሌሊት፣ ሌላው የአፍሪካ ቀንድ የፍቅር ዘፈን። ሁለቱም ግን ለዛሬ የበቁት ባለቤታቸው ነኝ በሚል ተቋም ካዝና ውስጥ ተቆልፎባቸው ስለኖሩ አይደለም።

የኮርኔሉን ኮንሰርት የቀረጸችው ቤቲ ካንተር ጃክሰን የምትባል የድምፅ ባለሙያ ነበረች። ከባንዱ ጋር ከተለያየች በኋላ ለዓመታት የቀረጸቻቸው ክሮች በኪራይ መጋዘን ተቀመጡ፤ ኪራዩ ሳይከፈል ቀረና በ1986 ዕቃው በሐራጅ ተሸጠ። ከገዢዎቹ መካከል ዋጋውን የተረዱት ክሩን አጽድተው ገለበጡት፤ ግልባጩም ተገልብጦ ከአገር አገር ዞረ። ባንዱ ራሱ አድናቂዎቹ እንዲቀርጹት ይፈቅድ ነበር። በ1984 እንዲያውም ማይክሮፎን ተሸክመው ለሚመጡ ታዳሚዎች በአዳራሹ ውስጥ የተለየ ስፍራ መደበላቸው። የአሜሪካ ኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት በ2012 ያንን ምሽት በብሔራዊ የድምፅ ቅርስ መዝገብ ማስፈሩን ሲያስታውቅ፣ ኮንሰርቱ ገና በሕጋዊ መንገድ ለሽያጭ አልቀረበም ነበር። በቅርስነት የተመዘገበው ቅጂ፣ ሕዝብ ከሕዝብ እየገለበጠ ያቆየው ነበር።

አሁን ወደ ሀርጌሳ እንምጣ።

የሀርጌሳ ራዲዮ በ1943 በእንግሊዞች ዘመን ተመሠረተ፤ መጀመሪያ ራዲዮ ኩዱ ይባል ነበር። በዚያው በ1940ዎቹ ዓብዲ ሲኒሞ የተባለ የጭነት መኪና ሾፌር ባልዎ የሚባለውን አጭር የፍቅር ዜማ አስፋፋ። ታንጋኒካ ውስጥ ሞሺ ተወልዶ ኤደን ያደገው አብዱላሂ ቀርሼ ደግሞ ሶማሊዎች ካባን የሚሉትን ኡድ ከሶማሊ ግጥም ጋር አጣመረ፤ በ1955 ዋላሎ ሀርጌሳ የተሰኘው የቴአትርና የሙዚቃ ቡድን ሲመሠረት ከመሪዎቹ አንዱ እሱ ነበር። ከዚያ ወዲህ አብዛኛው ስመ ጥር የሶማሊ ዘፈን የተደረሰው ለመድረክ ነው። ተዋንያኑ እየተናገሩ፣ ባንዱ ከጎን እየተጫወተ፣ ሕዝቡ እየሳቀና እያጨበጨበ። ራዲዮው ያንን ይቀርጻል፤ ያልታደለ ከራዲዮው ይሰማል፤ ቴፕ ያለው ደግሞ ራዲዮውን ይቀርጻል።

ስለዚህ ሀርጌሳ ውስጥ “የኮንሰርት ቅጂ” ሲባል ሮክ ወዳጆች የሚያውቁት ዓይነት አልበም መፈለግ ከንቱ ድካም ነው። ዲፕ ፐርፕል በኦገስት 1972 ኦሳካና ቶኪዮ ላይ “ሜድ ኢን ጃፓን”ን ሲቀርጽ ባለ 8 ትራክ መቅጃ ነበረው። የከበሮው፣ የጊታሩ፣ የኦርጋኑ፣ የድምጻዊው ድምፅ በየራሱ መስመር ስለሚገባ ኮንሰርቱ ካለቀ በኋላ አንዱን ከፍ፣ ሌላውን ዝቅ ማድረግ ይቻላል። ሁሉም ባንድ ጊዜ በአንድ ክር ላይ ሲቀረጽ ግን ይህ ዕድል የለም። ሚዛኑ የሚጠበቀው በሰው አቀማመጥ ነው፤ ድምጻዊቷ ማይክሮፎኑ አጠገብ፣ ካባን መቺው ትንሽ ራቅ ብሎ፣ ከበሮው ከኋላ። አንዱ ከሳተ ሁሉም ከመጀመሪያው ይጀምራሉ፣ ወይም ስሕተቱ ከነቅጂው ይኖራል። በዚህ መለኪያ የዚያ ዘመን የራዲዮ ክምችት በሙሉ የቀጥታ ቅጂ ነው ማለት ይቻላል።

እኛም ዘንድ እንዲሁ ነበር። ኃይሉ መርጊያ በ1978 ከዳህላክ ባንድ ጋር “ወደ ሐረር ጉዞ”ን ያስቀረጸው ስቱዲዮ ገብቶ ሳይሆን ግዮን ሆቴል ክለብ ውስጥ ነው። ያ ካሴት ከ38 ዓመት በኋላ አሜሪካ ውስጥ እንደገና ሲታተም አድማጩን የማረከው የክለቡ አየር ጭምር ይመስለኛል። ጽዳት የሚያበዙ አሳታሚዎች ይህን አይረዱም። የእንግሊዙ ዘ ሁ ፌብሩዋሪ 14 ቀን 1970 ሊድስ ዩኒቨርሲቲ የተጫወተውን ሲያሳትም በክሩ ላይ የሚንጣጣ ድምፅ ነበር። ድምፁ እንዳይታረም፣ እንዳለ እንዲተው በሸክላው መሃል ወረቀት ላይ ተጻፈ። ጨዋ አሠራር ነው።

የሶማሊው ክር ከሮኩ የሚለይበት ትልቅ ጉዳይ ግን አለ። የሶማሊ ቋንቋ በመንግሥት የታወቀ የጽሕፈት ፊደል ያገኘው በ1972 ነው። እስከዚያ ድረስ ግጥም የሚኖረው በሰው ቃል ነበር፤ የቃል ሰዎች ባይኖሩ ግጥምም የለም። መቅረጸ ድምፅ ሲመጣ ብራናና ቀለም ለእኛ ሊቃውንት የሠሩትን ሥራ ለሶማሊው ባለቅኔ ሠራ። ፊደሉ ከመጣ በኋላም ቢሆን ካሴት ከወረቀት ይፈጥን ነበር። በ1980 አካባቢ ሞሐመድ ሓሺ ጋሪዬ በአንድ ግጥም የጀመረው፣ በየስንኙ “ደ” የሚል ድምፅ የሚመላለስበት ዴሌይ የተባለ የግጥም ምልልስ፣ በርካታ ገጣሚዎች እየመለሱ ያስፋፉት በካሴት ነው። በርዕሰ ጉዳዩ ጎሰኝነትንና የዚያድ ባሬን አገዛዝ የሚነካ ስለነበር በራዲዮ ሊሰማ አይችልም ነበር። ዚያድ ባሬ ሥልጣን ከያዘበት ከ1969 መፈንቅለ መንግሥት በኋላ ሙዚቃውም ራዲዮውም በመንግሥት እጅ ነበር፤ ታላቁ ገጣሚ ሀድራዊ ከ1973 እስከ 1978 የታሰረው በግጥሙ ነው። ስለዚህ የዚያ ዘመን ሶማሊ ሁለት ቤተ መዛግብት ነበረው። አንደኛው የመንግሥቱ ራዲዮ ነው፤ ጥራት ያለው፣ ግን የተመረጠ። ሁለተኛው በየቤቱ ትራስ ሥር ያለው ነው፤ የሚያንኮራፋ፣ ግን የፈለገውን የያዘ።

በሁለተኛው ዓይነት ውስጥ እኔ ከሁሉም የምወደው ቀራሚ የሚባለውን የድሮ ዜማ ለመስማት ሰዎች ቤት ሰብሰብ ብለው የቀረጹትን ነው። ከአወዳይ የመጣ ጫት፣ ሻይ፣ አንድ ካባን፣ አንድ ቴፕ። ጉሮሮ ይጠራል፣ ብርጭቆ ይጋጫል፣ አንዱ በስንኙ ተነክቶ ይጮኻል። ከኮንሰርት ይልቅ በርጫ ነው፤ ግን አድማጩ የሙዚቃው ክፍል የሆነበት ቅጂ ከዚህ የበለጠ አላውቅም።

እዚህ ላይ ካሴት የተባለውን ዕቃ ከፍተን እንየው። ፊሊፕስ ለዓለም ያስተዋወቀው በ1963 ነው። ክሩ በላዩ ላይ የብረት ኦክሳይድ ዱቄት በማጣበቂያ የተቀባ ስስ ፕላስቲክ ነው፤ ስፋቱ 3.81 ሚሊሜትር፣ ፍጥነቱ በሰከንድ 4.76 ሴንቲሜትር። የስቱዲዮው ትልቅ ክር ግን በሰከንድ 19 ወይም 38 ሴንቲሜትር ይሮጣል። ልዩነቱ ትርጉም የሚኖረው ቀጭን ድምፅ ላይ ሲደርሱ ነው። በሰከንድ 10 ሺህ ጊዜ የሚርገበገብ ድምፅ፣ የሳህን ከበሮ ጫፍ በሉት፣ በፈጣኑ ክር ላይ አንዱ ሞገድ 38 ማይክሮን ቦታ ያገኛል። ካሴት ላይ ያው ሞገድ ወደ 5 ማይክሮን ይጨመቃል፤ የሰው ፀጉር ውፍረት ከዚህ አሥር እጥፍ ይበልጣል። ታዲያ የቴፑ ሄድ፣ ማለትም ክሩን የሚያነበው ክፍል፣ በጥቂቱ ቢያዘነብል ወይም ቢቆሽሽ ያ ሞገድ ይሰወራል። ድምፁ ብርድ ልብስ እንደ ለበሰ ይታፈናል የምንለው ይህን ነው።

ግልባጭ ሲገለበጥ ደግሞ እያንዳንዱ ክር የራሱን “ሽ…” የሚል ድምፅ ይጨምራል። አንድ ዓይነት ካሴት ከሆነ የመጀመሪያው ግልባጭ ብቻውን የዚህን ድምፅ ኃይል እጥፍ ያደርገዋል። አምስተኛው ሰው እጅ ሲደርስ ሳህን ከበሮው ጠፍቷል፣ ቤዙ ደብዝዟል፣ ፍጥነቱም ከቴፕ ቴፕ ስለሚለያይ ድምጻዊቷ ከነበረችበት ቅኝት ትንሽ ወጥታለች። ቃሉ ግን አለ። የሰው ንግግር ዋና ዋና ድምፆች በሰከንድ ከ300 እስከ 3,400 በሚርገበገበው ክልል ውስጥ ናቸው፤ የድሮ የስልክ መስመር ከዚህ ሌላ ሳያሳልፍ እንግባባ ነበር። ይህ ክልል ካሴት በቀላሉ የማይበላው ነው። የሮክ ኮንሰርት አምስት ጊዜ ሲገለበጥ ግማሽ ነፍሱን ያጣል፤ ጉልበቱ ያለው በጊታሩ ጫፍና በከበሮው ድንፋታ ነውና። የሶማሊ ዘፈን ልቡ ግጥሙ ነው። ስለዚህ ርካሽ ካሴት፣ የተበላሸ ቴፕና ቸኩሎ የሚገለብጥ ባለሱቅ ሊገድሉት አልቻሉም። ሶማሊው ይህን ፊዚክስ ሳያጠና በልምድ ያወቀው ይመስለኛል።

ከዚያ 1988 መጣ። በኤፕሪል ዚያድ ባሬና መንግሥቱ ኃይለ ማርያም አንዱ የሌላውን ተቃዋሚ ላለመርዳት ተስማሙ። ኢትዮጵያ ውስጥ ሰፍሮ፣ ራዲዮ ሀልገን የተባለ ጣቢያውንም ከዚሁ ከእኛ ምድር ያሰማ የነበረው የሶማሊ ብሔራዊ ንቅናቄ መቆሚያ አጣ። ሜይ 27 ቡርኦን፣ ሜይ 31 ሀርጌሳን አጠቃ። የመንግሥቱ መልስ የመድፍና የአውሮፕላን ድብደባ ሆነ፤ አውሮፕላኖቹ ይነሡ የነበረው ከዚያችው ከተማ አየር ማረፊያ ነው። ሀርጌሳ በአብዛኛው ፈረሰች። ዛሬ መሃል ከተማ ከፍ ብሎ የተሰቀለው ሚግ የዚያ መታሰቢያ ነው። ከሙዚቃውም ሰው ሞቷል፤ ስመ ጥሩ ድምጻዊ ሞሐመድ ሞጌ ከዚያ ቀደም ብሎ ከንቅናቄው ጋር ተሰልፎ በውጊያ ወድቋል።

ራዲዮ ጣቢያው ዋና ዒላማ እንደሚሆን የገባቸው የጣቢያው ሠራተኞችና ተቆርቋሪዎች ክሮቹን ከቤተ መዛግብቱ እያወጡ በተኑ። የተወሰነው ወደ ጅቡቲና ወደ ኢትዮጵያ ተሻገረ፤ የተወሰነው መሬት ተቆፍሮ ተቀበረ።

ክር መቅበር እብደት ይመስላል። ነገር ግን ሳይንሱን ሲያዩት ብልህነት ሆኖ ይገኛል። የማግኔት ክርን ፍንዳታም ሆነ ተራ ሙቀት አያጠፋውም፤ የብረት ኦክሳይዱ ማግኔትነቱን የሚለቀው በብዙ መቶ ዲግሪ ነው። ክርን የሚያጠፋው አንደኛ እሳት ነው፤ ፕላስቲኩ ይቀልጣልና። ሁለተኛ እርጥበት ነው። ውሃ ወደ ማጣበቂያው ሲገባ ቀስ በቀስ ይፈታዋል፤ ክሩ ሙጫ ይሆናል፣ ሲጫወት ዱቄቱ እየተላጠ ሄዱ ላይ ይቀራል። አንዳንዱን የ1970ዎቹ የስቱዲዮ ክር ዛሬ ለማጫወት በመጀመሪያ ከ50 ዲግሪ ትንሽ በሚያልፍ ሙቀት ለሰዓታት በምድጃ ማድረቅ ግድ የሚሆነው ለዚህ ነው። ሦስተኛው ጠላት የሙቀትና የቅዝቃዜ መፈራረቅ ነው፤ ክሩ እየተለጠጠና እየተኮማተረ ጥቅልሉ ይዛባል። አሁን ሀርጌሳን እናስብ። ከባሕር ጠለል 1,300 ሜትር ያህል ከፍ ያለች፣ ዝናቧ ጥቂት፣ አየሯ ደረቅ። መሬቱን አንድ ሜትር ያህል ዝቅ ብለው ሲቆፍሩ የቀኑ ሐሩርና የሌሊቱ ብርድ አይደርስም። እሳትም አይደርስም። የጎርፍ መንገድ እስካልሆነ ድረስ ጉድጓዱ እንደ ጥሩ መጋዘን ያገለግላል። ሞቃዲሾ ወይም በርበራ፣ የባሕሩ እርጥበትና ሙቀት ባለበት፣ እንዲህ በቀለለ ባልሆነ ነበር።

አንድ ነገር ግን ጉድጓዱም አያድንም። ክር ለዓመታት ሳይነካ ተጠቅልሎ ሲቀመጥ አንዱ ዙር ማግኔቱን ለሚነካው ዙር በትንሹ ያስተላልፋል። ስለዚህ አሮጌ ክር ሲጫወቱ ዘፈኑ ከመጀመሩ በፊት የዘፋኙ የመጀመሪያ ቃል ከሩቅ እንደ ጥላ ይሰማል። የድሮ የራዲዮ ሠራተኞች ክሩን መጨረሻው ከውጭ እንዲሆን ጠቅልለው የሚያስቀምጡት ጥላው ከድምፁ በኋላ እንዲመጣና እንዲሸፈን ብለው ነው።

ከተማው ሲሸሽ በመቶ ሺዎች የሚቆጠር ሕዝብ ድንበር ተሻግሮ ወደ እኛ መጣ፤ ከጅጅጋ ወዲያ ያለው የሃርታሼክ መጠለያ በዓለም ከትልልቆቹ አንዱ ሆነ። ስደተኛ የሚይዘው ቀላልና ውድ ነገርን ነው። ካሴት ሁለቱንም ነው። ከሃርታሼክ ወደ ድሬዳዋ፣ ከድሬዳዋ ወደ ጅቡቲ፣ ከዚያ ወደ ለንደንና ቶሮንቶ ዘመድ ጋር የሄደው ዘፈን ከነሽሽታው ሄደ። የምዕራብ ጋዜጦች ስለ ሀርጌሳ ሙዚቃ ሲጽፉ የሚያጎሉት የተቀበረውን ክር ነው፤ ጥሩ ታሪክ ነው፣ እውነትም ነው። ግን ሚዛኑን ስናየው ከጉድጓዱ ይልቅ ጓዙ የበለጠ አድኗል ባይ ነኝ። የተቀበረ ክር አንድ ቦታ ነው ያለው፤ የቀበረው ሰው ከሞተ ጠፋ ማለት ነው። ሺህ ቤት የተበተነ ግልባጭን አንድ ቦምብ አያገኘውም።

ለዚህ ምስክሩ ዛሬ ሀርጌሳ ያለው ክምችት ነው። የሒሳብ ምሁሩ ጃማ ሙሴ ጃማ የሚመሩት ሬድሲ የባህል ፋውንዴሽን፣ በ2008 የጀመረውን ዓመታዊ የሀርጌሳ የመጻሕፍት አውደ ርዕይ የሚያዘጋጀው፣ በባህል ማዕከሉ ውስጥ ከ10 ሺህ በላይ ካሴቶች አሰባስቧል። ከጉድጓድ የወጣም አለ፣ ከየቤቱ የተለገሰም አለ። በ2016 ኦስቲናቶ ሪከርድስ የተባለ የኒውዮርክ አሳታሚ ባልደረቦች መጥተው ብዙውን ወደ ዲጂታል ገለበጡ፤ በ2017 የወጣው ስብስብ ከዚያ ተመርጦ የተሰናዳ ነው። ለ2018ቱ የግራሚ ሽልማት በታሪካዊ አልበም ዘርፍ ታጨ። አላሸነፈም፤ ግን ፈርሶ የነበረ ከተማ ካሴት እዚያ መድረስ ራሱ ትንሽ ነገር አይደለም።

ይህን ሁሉ መገልበጥ ሳወድስ የዘፋኙን ኪስ ረሳሁ እንዳይባል። ካሴት ገልባጩ ባለሱቅ ዘፈኑን አዳነ፣ ዘፋኙን አስራበ። ሁለቱም እውነት ነው። አዲስ አበባ ውስጥ ሙዚቀኞች አዲስ ካሴት አናወጣም እስከማለት የደረሱበትና አዋጅ ቁጥር 410/1996 (ዓመቱ እንደ ኢትዮጵያ አቆጣጠር ነው) የቅጂ መብትን እንዲያስከብር የታወጀበት ምክንያት ይኸው ነበር። ሀርጌሳ ውስጥ ለዓመታት እንዲህ ያለ አዋጅ የሚያስከብር እውቅና ያለው መንግሥት እንኳ አልነበረም። ዛሬ የውጭ አሳታሚ የድሮ ካሴት ሲያትም መጠየቅ ያለበት የመጀመሪያ ጥያቄ የድምፁ ጥራት ሳይሆን በሕይወት ያለው ዘፋኝ ወይም ወራሹ ስንት አገኘ የሚለው ነው።

የቀጥታ ሙዚቃ ግን ከካሴት ወጥቶ ወደ መድረክ እየተመለሰ ነው። ከጦርነቱ በኋላ በሀርጌሳ በአደባባይ ሙዚቃ መጫወት ብዙ ሃይማኖተኞች የማይወዱት ጉዳይ ሆኖ ነበር። በትግሉ ጊዜ ቁስለኛ እያስታመመች ትዘፍን የነበረችው ሳህራ ሀልገን ከፈረንሳይ ስደት ተመልሳ ሂዶ ዳውር የተባለውን የባህል ሙዚቃ ቤት ከፈተች። ታዳሚው ቁጭ ብሎ ካባን ይሰማል፣ ግጥም ሲነካው ያጨበጭባል። በ2024 በዚሁ ቤት ስም ያወጣችው አልበም ላይ ፈረንሳዊው ጊታር መቺዋ የሚያሰማው ድምፅ የለየለት ሮክ ነው። የድሮ ሮክ የሚወድ አንባቢ ከዚያ ቢጀምር አይከፋም።

ጅጅጋ፣ ሐረር፣ ድሬዳዋ ወይም አዲስ አበባ ሆነው ይህን የሚያነቡና ቤትዎ በካርቶን የታሸገ ካሴት ያለዎት ከሆነ፣ የሶማሊም ይሁን የአማርኛ፣ እንዲሁ አንሥተው ቴፕ ውስጥ አይክተቱት። በመጀመሪያ ከካሴቱ ጀርባ ያሉትን ሁለት ትንንሽ ጥርሶች ይስበሩ፤ በስሕተት እንዳይቀዳበት። የቴፑን ሄድ በአልኮል በተነከረ ጥጥ ይጥረጉ። ክሩን በእጅዎ ቀስ ብለው ጥቂት ዙር ያላሉት፤ ተጣብቆ ከሆነ አያስገድዱት፣ ባለሙያ ይፈልጉ። ሄዱን የያዘችውን ትንሽ ብሎን በጣም በዝግታ እያዞሩ ቀጭኑ ድምፅ እስኪከፈት ያስተካክሉ። ወደ ኮምፒውተር ሲገለብጡ ያልተጨመቀ ፋይል ይምረጡ፤ ሽሽታውን፣ ሳሉን፣ ጭብጨባውን አይቁረጡ። የሚያውቁትን ስም፣ ቦታና ዘመን ጽፈው ከፋይሉ ጋር ያስቀምጡ፤ ለሦስት ሰው ይስጡ። ገልብጠው ሲጨርሱም ካሴቱን አይጣሉት።